የቅሬው አካፋ

የሺሃረግ ጠዋት ፊቷን ከመታጠቧ በፊት መሰላሉን ከግድግዳው ታስጠጋና ጣራው ላይ ትወጣለች። በእርጥብ ጨርቅ የሶላሩን ገጽ ከላይ ወደ ታች ትወለውላለች። የላስታ የበጋ አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ አንድ ቀን ከዘለለችው ባትሪው ቀትር ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ ወርዳ እጇን በቀሚሷ ታደርቅና መደቡ ላይ ያለውን ታብሌት ትከፍታለች። መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ከዚያ ገደሉ ይመጣል። ገደሉ ላይ ጎጆው አለ። ደብተሩን ገልጣ ሰዓቱን ትጽፋለች፤ ጎጆው ላይ ማን እንዳለ፣ ምን ታድኖ እንደመጣ፣ ጫጩቱ ስንት ጊዜ እንደጎረሰ።

ሥራው የባሏ የምስጋኑ ነበር። ደብተሩን ያገላበጠ ሰው የእጅ ጽሑፉ የት ላይ እንደተለወጠ ያያል። ኅዳር መጨረሻ ላይ የምስጋኑ ፊደል እየተጋደመ፣ መስመሩን እየለቀቀ ይሄድና ታኅሣሥ አንድ ላይ ይቆማል። ከታኅሣሥ ሁለት ጀምሮ ክብና ቀጥ ያለ ጽሑፍ ነው፤ የእሷ ነው። ምስጋኑ የሞተው ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ነው። የዚያን ቀን ገጽ እንኳ ባዶ አይደለም። «ጠዋት 1፡30፤ እናት ጎጆ ላይ። ሽኮኮ አንድ» ይላል፤ ከዚያ በታች ምንም የለም።

ቤታቸው ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ አጋማሽ ላይ ነው፤ በሩ ሲከፈት ገደሉ ፊት ለፊት ይቆማል። ምስጋኑ በሁለት በቅሎዎቹ ቱሪስት ወደ ገዳሙ እያወጣ የሚያወርድ ሰው ነበር። ቱሪስት ሲጠፋ በቅሎዎቹም ሄዱ። ከሁለት ዓመት በፊት ሔለን የምትባል የአእዋፍ ተመራማሪ ገደሉን የሚያውቅ ሰው ብትጠይቅ ወደ እሱ ላኳት። ወገቡን በጠፍር ገመድ አስሮ፣ አራት ሰው ከላይ ይዞት፣ ካሜራውን ከጎጆው ትይዩ ካለ ድንጋይ ላይ ያሰረው እሱ ነው። ምስሉ በአየር ተሻግሮ ጣራው ላይ ወዳለችው አንቴና ይመጣል። ኔትወርክ ሲኖር ለሔለን ይላካል፤ ኔትወርክ ሳይኖር ደግሞ ደብተሩ አለ።

ጎጆው የጥቁር ንስር ነው። ምስጋኑ በዚህ ቃል ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። ጎረቤት ሁሉ «የምስጋኑ አሞራ» ሲል እሱ ይቆጣል። «አሞራ የሞተ ይለቅማል። ንስር ግን ከአራቱ እንስሳ የአንዱ መልክ ነው፤ ቅኔ ማኅሌት ግድግዳ ላይ ተስሎ እየሳማችሁት ትወጣላችሁ፤ እዚህ ሲመጣ አሞራ ይሆንባችኋል?» ይላል። ጎረቤታቸው ሰብሌ፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ «እንግዲያው እኛ ቤት ዶሮ የወሰደው ከአራቱ የትኛው ነው?» ብላ አንድ ቀን ሙሉ አስቃበታለች።

ክረምቱ ሲወጣ የምስጋኑ እግር አበጠ። ኩላሊት ነው ተባለ። ደም የሚያጥበው ማሽን ያለው ሩቅ ከተማ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በዚያ ሰሞን ለሦስት ሳምንት ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ መንገድ እንደማይችል ነገራቸው። የሺሃረግ እስካሁን ያንን ሦስት ሳምንት የምትቆጥረው ቀን በቀን ነው። ማን እንደዘጋው ጠይቃ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተዋታል፤ ሁለቱም መላሾች ወንጀሉ የሌላው ነው ብለው ማሉ።

ከዚያ በኋላ ምስጋኑ መደቡ ላይ ተጋድሞ ታብሌቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ዋለ። ኅዳር ሃያ ስድስት አንድ ጫጩት ተፈለፈለ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው። ታላቅየው ያልደረቀውን ታናሽ እንዳየ በምንቃሩ ይወጋው ጀመር። ጭንቅላቱን፣ ጀርባውን። እናትየዋ በአንድ ክንድ ርቀት ቆማ ታያለች። ሽኮኮውን ቦጭቃ ታላቁን ታጎርሰዋለች፤ ታናሽየው አንገቱን ማንሳት እስኪያቅተው ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልከለከለችም። በአምስተኛው ቀን አለቀ።

«እናት ናት ይቺ?» አለች የሺሃረግ። «አጠገቧ! ክንፏን ብትዘረጋ ይበቃ ነበር።»

«ተፈጥሯቸው ነው ብላለች ሔለን።»

«ተፈጥሮዋን እሳት ይብላው! ቆሞ ማየት ምን የሚሉት ተፈጥሮ ነው?»

ምስጋኑ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ሲያርፍለት፣ «ጻፊው» አላት። «ቢያናድድሽም ጻፊው። መሀል ላይ የተቋረጠ ደብተር ለማንም አይሆንም።»

ለእሷ የተወላት ኑዛዜ የሚመስል ነገር ይህ ብቻ ነበር። ሌላውን የነገረው ለነፍስ አባቱ ነው።

የሞተ ጊዜ ለልደት በዓል የሚመጣው ምእመን መንገዱን ሞልቶት ነበር። ቃሬዛው በዚያ ሁሉ ነጭ ነጠላ መሀል አለፈ፤ የማያውቁት ሰዎች ቆመው አማተቡለት። መቃብሩን የቆፈረው ቅሬው ነው። ስልሳ ሁለት አባወራ ያለበት፣ የሞተን ሰው የሚቀብር፣ ያዘነን ቤት የሚያስተዛዝን ማኅበር ነው ቅሬ። ሰው በቅሬው ካልተቀበረ የተጣለ ያህል ነው። ምስጋኑ ለአሥራ አንድ ዓመት የቅሬው ዕቃ ያዥ ነበር፤ ሦስት አካፋ፣ ሁለት ዶማ፣ አንድ ድጅኖና ቃሬዛው ጓዳው ውስጥ ይቀመጡ ነበር። እጀታቸውን በየወሩ ቅባት ያበላቸዋል። የራሱን መቃብር የቆፈረው አካፋ ከራሱ ጓዳ ወጣ። ከቀብር በኋላም ታጥቦ ወደዚያው ተመለሰ፤ አዲስ ዕቃ ያዥ የሚመረጠው ከተዝካሩ በኋላ ስለሆነ።

የቅሬው ዕቃ አንድ ሕግ አለው፤ ከሰው መቃብር በቀር አፈር አይነካም። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ አካፋውን ለውኃ ቦይ ተውሶ ቢጠቀምበት በማኅበሩ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቋል። የሺሃረግ ያን ቀን ከሴቶቹ ጋር ቆማ «ይበለው» ብላለች።

በጥር የውሻው ነገር መጣ። ከጦርነቱ ወዲህ ባለቤት የሌለው ውሻ በዝቶ ነበር። በገነተ ማርያም መንገድ አንድ ሰው ተነክሶ፣ ውኃ እየፈራ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ። ማንም ሊስቅበት የማይችል ነገር ነው። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ታፈረ ሆነ። ታፈረ የቅሬው ዳኛም ነው፤ ስልሳ አምስት ያለፈው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ከቀብር በቀር ያለ ባርኔጣ ታይቶ የማያውቅ ሰው። ከከተማ በሥጋ ተጠቅልሎ የሚጣል መርዝ ተሰጣቸው፤ አብሮም መመሪያ የተጻፈበት አንድ ወረቀት። ባለቤት ያለው ውሻ ሐሙስ ማታ ታስሮ ይደር ተባለ።

ዓርብ ጠዋት አሥራ አራት ውሻ ሞቶ ተገኘ። ኮሚቴው በገመድ እየጎተተ ወስዶ ከሾላው ሥር ካለው ገደል አፋፍ ላይ ጣላቸው።

ቅዳሜ ጥር አሥራ ሰባት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ እናትየዋ ንስር ጎጆዋ ገባች። የሺሃረግ እስክሪብቶዋን አንስታ «ሽኮኮ አንድ» ልትጽፍ ነበር። እጇ ቆመ። ሽኮኮ ድብልብል ነው፤ ይህ ግን ረጅም ነበር። ምስሉን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። የፊት እግር ነው፤ ጠጉሩ ዳማ፣ ከጉልበቱ በታች ነጭ።

በአጥሩ ላይ ተጣራች፤ ሰብሌ ሊጥ በእጇ እንደያዘች መጣች።

«ይሄ ምንድን ነው በይኝ እስቲ።»

ሰብሌ አየችው። ወደ ታብሌቱ ጎንበስ አለች። «ካልሲ ናት» አለች። «የእኔ ካልሲ!» አራቱም እግሮቿ ነጭ ስለሆኑ ካልሲ የተባለች የስድስት ወር ቡችላ ነበረቻት። «አስሬያት ነበር እኮ! ገመዱን በልታ ወጣች፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ስፈልጋት...»

የሺሃረግ እስክሪብቶዋን እንደያዘች እናትየዋን እያየች ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦

«3፡40 የውሻ እግር አመጣች። ራሷ በላች፤ ጫጩቱን አላጎረሰችም። 3፡55 ቁጭ አለች። 4፡10 ክንፏ ወረደ፤ አፏ ተከፍቷል። 4፡20 ተንቀጠቀጠች፤ ተወች። 4፡25 እንደገና። ጫጩቱ ሊበላ ወደ እግሩ መጣ፤ እሷ በጥፍሯ ይዛዋለች። 4፡32 ጠርዙ ላይ ወደቀች። 4፡33 የለችም። እግሩም አብሯት ወረደ።»

እግሩ አብሯት ባይወርድ ጫጩቱ ይበላው ነበር። ወርዶ የሚያነሳላት ሰው ደግሞ አልነበረም፤ ያንን ገደል በገመድ የሚወርደው ሰው መቃብር ውስጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ መጣና ሔለንን አገኘቻት። ሔለን ሰምታ ስትጨርስ ቀስ ብላ ተናገረች። እናትየዋን ያለ ጓንት እንዳትነኳት። ፎቶ አንሺያት። ደብተሩንም ገጽ በገጽ አንስተሽ ላኪልኝ። ጫጩቱ ሰባት ሳምንት አልፎታል፤ ወንዱ እያደነ ካመጣለት ራሱ ቦጭቆ መብላት ይጀምራል። «ወንዱ ብቻውን ሊያሳድገው ይችላል፣ እትዬ። ግን እሱም ከዚያ ሥጋ ከቀመሰ አበቃ። ውሾቹ መቀበር አለባቸው።»

የሺሃረግና ሰብሌ ንስሯን ከገደሉ ግርጌ አገኟት። ክንፏ ሲዘረጋ ከየሺሃረግ ቁመት ይረዝማል። እጃቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በሰብሌ ዶማ፣ ከካልሲ ከቀረው እግር ጋር ቀበሯት። አፋፉ ላይ የቀሩትን ውሾች ሊቀጥሉ ሲሉ የዶማው እጀታ ተሰበረ። ሥሩ ድንጋይ ነው። የተራረፈውን በእሾህና በድንጋይ ከድነው ተመለሱ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ታፈረ ቤት ሄደች። ታፈረ በር ላይ ድንጋይ መቀመጫው ላይ ሆኖ ጥርሱን ይፍቅ ነበር።

«አያ ታፈረ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ፣ ስለ ተዝካሩ ነው? ዳሱን እኛ እንጥላለን፣ አታስቢ።»

«ስለ ውሾቹ ነው። ንስሯ ከእነሱ በልታ ሞተች።»

«ሰማሁ። ሰብሌ ለአገር ሁሉ ነግራለች።» መፋቂያውን ወደ ሌላው ጥርስ አዞረ። «ምን ይደረግ? አሞራ የሞተ ከበላ ይሞታል።»

«ንስር ነው።»

«ይሁንልሽ፤ ንስር።»

«ሁለተኛው ዙር የፊታችን ሳምንት አልፎ በቀጣዩ ነው አሉ። የሞቱት ይቀበሩ ልል ነው የመጣሁ። ከከተማ የመጣው ወረቀት ላይ ራሱ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር ይላል፤ ሰብሌ ባልዋ ኮሚቴ ስለሆነ አንብባዋለች።»

ታፈረ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ይህ ነበር ይበልጥ ያናደዳት። «አንቺ! ውሻ ይቀበራል? ሰው ምን ይለናል? ነገ ደግሞ ፍትሐት ይደረግለት፣ ሠልስት ይውጣለት ትይኛለሽ። ቅበር የሚለው የከተማ ሰው ነው፤ የከተማ ሰው ለውሻው ስም ያወጣል።»

«በምን ይጎዳዎታል፣ አያ? ጉድጓድ ነው።»

«በምን እንቆፍረው? በቅሬው አካፋ? በዚያ የአባቴን ጉድጓድ ቆፍረንበታል፤ የባልሽን ቆፍረንበታል። በየቤቱ ያለውን አካፋ ደግሞ ጠይቂ፤ ውሻ የተቀበረበትን አካፋ ማን መልሶ እርሻው ውስጥ ያስገባዋል?»

ጠየቀች። ዘጠኝ ቤት ጠየቀች። አንዱ እጀታው ላልቷል አለ፤ አንዱ ኩልመስክ ያለ ወንድሙ ወስዶታል፤ አንዷ በግልጽ «ለውሻማ አልሰጥም» አለቻት። ይቺኛዋን ብቻ አመሰገነቻት። ከዚያ ወደ ምስጋኑ የነፍስ አባት ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ሄደች።

«አባታችን፣ ውሻ መቅበር ኃጢአት ነው?»

አባ ጥቂት አሰቡ። «ኃጢአት አይባልም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይህንኑ ለቅሬው ይንገሩልኝ።»

«ነገሩ የቅሬ እንጂ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ዳኛው አለ፤ ሽማግሌ አለ። እኔ እጄን ባስገባ...» እጃቸውን አነሡና መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

የሺሃረግ ተሳልማ ወጣች። መንገድ ላይ ለራሷ፣ «ይኸው ሌላ ቆሞ የሚያይ» አለች፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ካህን እንዲህ በማለቷ አማተበች፤ ግን ቃሉን አልመለሰችውም።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ወንዱ ንስር በቀን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ሽኮኮ አመጣ። ጫጩቱ መጀመሪያ ላይ ሥጋው ላይ ቆሞ እየጮኸ እናቱን ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ራሱ መቦጨቅ ጀመረ። የሺሃረግ የዚያን ቀን «በላ» የሚለውን ቃል ከሌላው ፊደል አተልቃ ጻፈችው።

ሐሙስ ጥር ሃያ ዘጠኝ ማታ መርዙ ተጣለ። እሑድ የካቲት ሁለት የምስጋኑ ተዝካር ነው። ታፈረ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በበሯ ሲያልፍ ቆም አለ። አንድ ነገር ጠርጥሮ ነበር።

«ልጄ፣ ጓዳሽ ውስጥ ያለው ዕቃ የአንቺ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ያ ዕቃ ውሻ ላይ ቢወርድ እሑድ ዳስሽ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አታገኚም። እኔ ሳልሆን ሰዉ ነው የሚቀረው። ባልሽ የተከበረ ሰው ነበር፤ ተዝካሩን አታዋርጂው።»

«እሺ፣ አያ» አለች። ምን ላይ እሺ እንዳለች ግን ሁለቱም አያውቁም።

ዓርብ ጠዋት ሶላሩን ወለወለች። ታብሌቱን ከፈተች። ጫጩቱ ብቻውን ነው፤ ወንዱ ለአደን ወጥቷል። በበሩ በኩል ደግሞ ሁለት ሰዎች ውሻ ወደ ሾላው ሲጎትቱ ታያለች። አንድ። ሁለት። አሥራ አንድ ደረሰ። አፋፉ ላይ በቀይ አፈሩ ላይ ተደርድረው ከሰማይ እንደ ማዕድ ይታያሉ። ወንዱ በየት በኩል ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ሁለት ወር ጽፋዋለች፤ በአፋፉ ላይ ነው የሚያልፈው።

ጓዳ ገባች። ድጅኖውንና አንዱን አካፋ አወጣች። በጓሮ ልትሄድ ትችል ነበር፤ ማንም ሳያያት። በጓሮ አልሄደችም። በትልቁ መንገድ፣ አካፋውን በትከሻዋ፣ ድጅኖውን በእጇ ይዛ ወረደች። የብረቱ ድምፅ ሰው ከየቤቱ አወጣ፤ በዚያ አገር ድጅኖና አካፋ በጠዋት ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው። «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ይሉ ጀመር። ነጠላ የለበሱት ለሐዘን አዘቀዘቁት።

«ንስር ነው የሞተው» አለች ሳትቆም። «ሌላው እንዳይሞት ነው።»

ሥሩ ድንጋይ ነው። በድጅኖው እየፈነቀለች፣ በአካፋው እየጫረች ጀመረች። ጥቂት ቆይታ ሰብሌ እጇን በላስቲክ ጠቅልላ መጣች። የመጀመሪያውን ውሻ በኋላ እግሩ ይዛ ጎተተችው። አፉ ላይ አረፋ ደርቋል።

ከላይ በመንገዱ ጠርዝ ሰው ተሰበሰበ። ሃያ ይሆናሉ። ማንም አልወረደም። ታፈረ መጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ያዘው። ለሞተ ሰው ካልሆነ ባርኔጣውን የማያወልቀው ሰው ምን እንዳሰበ ማንም አልጠየቀውም።

«የሺሃረግ!» ብሎ ተጣራ። «ነግሬሽ ነበር!»

ቀና አለች። ፊቷ በላብና በቀይ አፈር ተለቅልቋል። «ነግረውኛል፣ አያ ታፈረ። እኔም ነግሬዎት ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ለሌሎቹ ከፍ አደረገችው። «እናንተ ደግሞ ወይ ውረዱ፣ ወይ ሂዱ! ቆሞ ማየት ለንስሯም አላማረባትም!»

ሦስት ሰው ሄደ። የወረደ ግን አልነበረም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሰባት ቆፈረች፤ አንድ ረጅም ጉድጓድ፣ እስከ ወገቧ የሚደርስ። አሥራ አንዱም ገቡ። ወንዱ ንስር በአምስት ሰዓት አካባቢ በላያቸው አለፈ፤ ጥላው በጉድጓዱ ላይ ሄደ። እግሩ ላይ ሽኮኮ ነበር። ሰብሌ ቀና ብላ፣ «ምስጋናው ቀርቶብን፣ ዶሮዬን ባትወስድ!» አለችው። የሺሃረግ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ሳቀች።

አካፋውንና ድጅኖውን ሦስት ጊዜ አጥባ፣ እጀታቸውን ቅባት አብልታ ጓዳ መለሰቻቸው።

እሑድ ዳስ የጣለላት የሰብሌ ባልና የሩቅ ዘመዶቿ ናቸው። ከስልሳ ሁለት አባወራ ዘጠኝ መጣ። አባ ወልደ ሩፋኤል መጡ፤ ጸሎቱን ሳያሳጥሩ አደረሱ፤ ምስጋኑን በስሙ ጠርተው ቡራኬ ሰጡ። ስለ ውሻ አንድ ቃል አልተናገሩም። እንጀራው ለመቶ ሰው የተጋገረ ነበር። ዳሱ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከሰው ይልቅ ይናገር ነበር። የሺሃረግ ምግብ ስታቀርብ በልቧ ስልሳ ሁለቱን ቤት በስም እየጠራች፣ ማን በየትኛው ሐዘን ምስጋኑ ቃሬዛ እንደተሸከመለት ቆጥራለች። የታፈረ አባት አራተኛው ነበሩ።

ማክሰኞ ቅሬው ተሰበሰበ። ዕቃዎቹ ከጓዳዋ ወጥተው ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። አካፋውና ድጅኖው ግን ተለይተው ቀሩ፤ ማንም ሊነካቸው አልፈለገም። የሺሃረግ በማኅበሩ ፊት ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ ተባለ።

ቆመች። በዚያ ስብሰባ ሴት አትናገርም፤ ተናገረች። «ድንጋዩን የምሸከመው በምን ጥፋት ነው? ሰው የሚቀበረው ሌላውን ሰው እንዳይገድል ብላችሁ ሳይሆን ክብር ስለሆነ ነው ትላላችሁ። ይሁን። እኔ ለውሻ ክብር አልሰጠሁም፤ መርዝ ከመሬት በታች አደረግሁ። ወረቀቱ ላይ ተጽፎላችሁ ነበር። አንብባችሁታል። ድንጋዩን ወረቀቱን አንብቦ ለተወው ስጡት።»

ጫጫታ ሆነ። አንዱ «ባልሽ ቢሰማሽ!» አላት። «ባሌማ ይሰማኝ ነበር» አለችው።

ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ከመዝገብ ተሰረዘች። ይህ ማለት ነገ ብትሞት የሚቀብራት የለም ማለት ነው። ይህን የሚያህል ቅጣት ቅሬው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰጥቶ አያውቅም፤ ቦዩን የቆፈረውን ገበሬ እንኳ በግማሽ ቀን ታርቆታል። ወደ ቤቷ ስትመለስ አካፋውና ድጅኖው በሯ ላይ ተጋድመው አገኘቻቸው። ሰዉ ለአካፋው ስም አውጥቶለታል፤ «የውሻ አካፋ»።

ሔለን ግን ዝም አላለችም። የደብተሩን ገጾችና የንስሯን ፎቶ መርዙን ለሚሰጡት ሰዎች ልካ ነበር። «3፡40»፣ «4፡20»፣ «4፡33» ብሎ ደቂቃ በደቂቃ የተጻፈን ነገር ማስተባበል አይቻልም። ሬሳው ተቀብሮ ካልታየ ለሦስተኛው ዙር አንድ ፍሬ መርዝ እንደማይሰጡ ለኮሚቴው ነገሩት። በቅርቡ በውሻ ከተነከሱት ሰዎች አንዱ የታፈረ የእኅት ልጅ ነው፤ ዙሩ ሊቀር አይችልም።

እናም ረቡዕ የካቲት አሥራ ሁለት ከሰዓት በኋላ ታፈረ በሯ ላይ ቆመ። ባርኔጣው ራሱ ላይ ነው።

«እንዴት ዋልሽ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ። ይግቡ።»

«አልገባም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ አካፋ... ያ ነገር አለ?»

«የቱ አካፋ?» አውቃ ነው።

«እንግዲህ አንቺ ደግሞ! የውሻው።»

«አለ።»

«ዓርብ ይፈለጋል። ሌላ አካፋ የሚሰጥ ጠፋ።»

የሺሃረግ ገደሉን አየች፤ ከዚያ እሱን። «አካፋው ይወጣል። ግን ብቻውን አይወጣም፤ እኔም አብሬው እመጣለሁ፤ ጉድጓዱ እስከ ወገብ መድረሱን ሳላይ አልመለስም። ኮሚቴውም ይቆፍራል እንጂ ጠርዝ ላይ አይቆምም።»

«እሺ።»

«ስለ መዝገቡስ?»

ታፈረ ባርኔጣውን አስተካከለ። «እሱ የማኅበር ነው» አለ፤ መንገዱንም ቀጠለ።

በዚያ ቀን ደብተሩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «10፡15 ወንዱ ሽኮኮ አመጣ። ጫጩቱ ራሱ በላ። ክንፉን ዘርግቶ ስድስት ጊዜ አራገበ፤ አልተነሳም።»

ዓርብ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሺሃረግና ኮሚቴው ሾላው ሥር ይገናኛሉ።